ሃያ ስምንተኛው ዘርፍ

ይህ ታሪክ ሊነገር የሚገባው ስለመሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም። ሰው አልሞተበትም፣ መሬት አልተወሰደበትም፣ ሽማግሌም አልተቀመጠበትም። የተጣሉት ሁለት ሴቶች ናቸው፤ የተጣሉበትም ነገር ከሣር የተሰፋ አንድ ሰፌድ ነው። አንብቦ «ታዲያ ምን ይሁን?» የሚለኝ ሰው ቢኖር ብዙ የምመልስለት የለኝም። ነገር ግን በቅርቡ ዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍላችን ውስጥ፣ ከላይኛው አልጋ የምትተኛው ጓደኛዬ ስልኳን ወደ እኔ ዝቅ አድርጋ የፈረንጆች አዲስ ዓመት በአሜሪካ አንድ አደባባይ ላይ እንዴት እንደሚቆጠር አሳየችኝ። በመብራት የተሞላ ትልቅ የመስታወት ኳስ ከረጅም ምሰሶ ላይ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ከታች ያለው ሕዝብ ቁጥሩን ወደ ኋላ እየጠራ ይጮኻል፤ ኳሱ ሲደርስ ዓመቱ ይለወጣል። ጓደኛዬ ኳሱ ከስንት ቁራጭ መስታወት እንደተሠራና ዲዛይኑን በየጊዜው እንደሚቀይሩት በደስታ ስታስረዳኝ፣ እኔ የጠየቅኋት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ቁጥሩን የሚነግራቸው ማን ነው?» አልኋት። «ሰዓት ነዋ» ብላ ሳቀች። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም፤ የእኛን አጥቢያ ሰፌድ አስታውሼ ነበር።

ታች ጋይንት ውስጥ ባለችው ትንሽ አጥቢያችን፣ ታኅሣሥ ሲብት ከደጀ ሰላሙ ግድግዳ ላይ የልደት ሰፌድ ይሰቀል ነበር። ስፋቱ የከበሮን አፍ ሁለት ጊዜ ያክላል። በላዩ ላይ በቀይ፣ በአረንጓዴና በቢጫ ቀለም ከተነከረ ሣር የተጎነጎኑ፣ ርዝመታቸው ጣት የሚያህል ዘርፎች ይንጠለጠላሉ፤ ቀዩ የእሑድ ነው፣ ሌሎቹ እየተፈራረቁ የሌላውን ቀን ይይዛሉ። ከመካከሉ እንደ ሙዳይ ክዳን ያለ ትንሽ ክዳን አለ፤ ከክዳኑ ሥር ደግሞ ቀለም ካልነካው የገብስ አገዳ የተሠራ፣ ብርሃን ሲያገኘው ወርቅ የሚመስል ኮከብ ተደብቋል። ከታኅሣሥ አንድ ጀምሮ በየጠዋቱ አንድ ዘርፍ ይፈታል፤ የሚፈታውም ለዕለቱ ለቤተ ክርስቲያኑ ውኃ የቀዳ ልጅ ነውና ዘርፉን ማተቡ ላይ አስሮ ሲንጎራደድ ይውላል። የልደት ዕለት ጠዋት ዘርፉ ሁሉ አልቆ ክዳኑ ይነሣል፣ ኮከቡ ይታያል። እኛ ልጆች «ልደት ስንት ቀረው?» ስንባል የምንመልሰው «አሥራ አንድ ዘርፍ» ወይም «ስድስት ዘርፍ» እያልን ነበር። ዓርብ ዓርብ ወደ አርብ ገበያ አህያቸውን እየነዱ የሚያልፉ ሴቶች ጭነቱን በጎን ይዘው ቆም ይሉና ያዩታል፤ አንድ ዓመትማ ከንፋስ መውጫ የመጣ መምህር ፎቶ አንሥቶት፣ አጥቢያው በሙሉ ለሁለት ሳምንት ሲያወራው ሰነበተ።

ሰፌዱን የምትሰፋው የአባቴ እህት፣ አክስቴ ማንጠግቦሽ ነበረች፤ ከእርሷ በፊትም እናቷ። የእርሷ ሰፌድ ላይ ዘርፎቹ ከጠርዙ ተነሥተው እንደ ቀንድ አውጣ ቤት እየተጠመዘዙ ወደ መካከሉ ይገባሉ። እውነቱን ለመናገር እኔ አልወደውም ነበር። ጅራቱ የሚያልቅበት ቦታ የታወቀ አልነበረም፤ አንዳንድ ዓመት የመጨረሻው ዘርፍ ክዳኑን ይነካል፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ አንድ ጣት ያህል ርቆ ይቀራል። ንጹሕ የቤት ሥራ መሥራት የምወድ ልጅ ስለነበርሁ ይህ ነገር እንዳልታረመ ስሕተት ያሳክከኝ ነበር።

አክስቴ ከእስቴ ባሏን ፈትታ ከተመለሰች በኋላ ቤቷን የሠራችው ከእኛ ጋር በአንድ አጥር ውስጥ ነው። እናቴን በስሟ ጠርታት አታውቅም። እናቴ ጥሩዬ ትባላለች፤ አክስቴ ግን «ስማዳዋ» ነው የምትላት፣ ከስማዳ ተድራ ስለመጣች። አመዷን የምትደፋው ነፋሱ ወደ እኛ ደጅ ሲዞር ጠብቃ ነው። የእኛ ዶሮ ወደ እርሷ ጓሮ ከገባች እንቁላሏን እዚያ ጥላ ትመለሳለች፤ ዶሮዋ ትመለሳለች እንጂ እንቁላሉ አይመለስም። ሁለቱ ድምፃቸውን ከፍ ማድረግ ሲጀምሩ አባቴ «በሬዎቹ የት ሄዱ?» ብሎ ይወጣል፤ በሬዎቹ ደጃፉ ላይ ተኝተው እያመሰኩ ነው፣ እርሱም እነርሱን ተራምዶ ነው ፍለጋ የሚሄደው።

የአክስቴን ዓይን ሞራ ሲጀምረው የስፌቷ ጥልፍ መዛነፍ ጀመረ። በዚያው ኅዳር የኔታ፣ የአጥቢያችን የቆሎ ተማሪዎች መምህር፣ እቤታችን ድረስ መጥተው እናቴን «የዘንድሮውን ሰፌድ አንች ስፊው፤ እጅሽ ቅን ነው» አሏት። አክስቴ ይህንን በአጥር በኩል ሰምታ ነበር።

«የኔታ፣ የደከመው ዓይኔ ነው እንጂ እጄ አይደለም» አለች።

«እጅሽን እግዜር ይባርከው ማንጠግቦሽ። እስኪ አንድ ዓመት ይረፍ።»

«እጅ የሚያርፈው መቃብር ነው» አለችና ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አመዱ ነፋስም ሳይኖር ይደፋ ጀመር።

እናቴ የሰፋችው ሰፌድ የአክስቴን አልመሰለም። ከመካከሉ ክዳን ተነሥተው ወደ ጠርዙ የሚሮጡ ሰባት ጨረሮች አወጣች፣ በየጨረሩም ላይ አራት ዘርፍ። ሰባቱ የሳምንቱ ቀናት ናቸው፣ አራቱ ደግሞ ሳምንታቱ። የእሑዱ ጨረር ከላይ እስከ ታች ቀይ ነው። አንድ ዙር ሲያልቅ አንድ ሳምንት ያልቃል፤ ሃያ ስምንቱም አልቀው በሃያ ዘጠነኛው ቀን ኮከቡ ይወጣል። እንዲህ ያለ የተስተካከለ ነገር ከዚያ በፊት አላየሁም ነበርና ሲሰቀል ከፊቱ ቆሜ ለመሄድ እግሬ እምቢ አለኝ። የኔታ «ፀሐይ ነው የመሰለው» አሉ። አክስቴ ከኋላ ሆና «የምንጠብቀው ፀሐይ ነው ወይስ ጌታ?» አለች፤ ጥቂት ሴቶች ሳቁላት፣ ሌሎቹ ግን ወደ ሰፌዱ ተጠጉ።

ለእናቴ ይህ ሰፌድ ሰፌድ ብቻ እንዳልነበረ ያኔም ይገባኝ ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት በኖረችበት አጥቢያ ሰው ዘንድ «ስማዳዋ» መባሏ ቀርቶ «ጥሩዬ» መባል የጀመረችው ከዚያ ታኅሣሥ ወዲህ ነው። ማኅበር ላይ ከበሩ አጠገብ መቀመጧ ቀረ። ሁለተኛውን ዓመትም እርሷው ሰፋች። ከእጇ ቢወጣ ወደ በሩ እንደምትመለስ እርሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፣ ከሁላችንም ይበልጥ አክስቴ ታውቃለች።

ሦስተኛው ዓመት ላይ እኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርሁ፣ ከክፍሌም አንደኛ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ኅዳር አጋማሽ ላይ ሣሩን አሰናድታ እንደተቀመጠች «ልጄ፣ ዘመኑን ቄሱ በእንቁጣጣሽ ማን ነው ያሉት? ዮሐንስ መሰለኝ። የዮሐንስ ጊዜ ልደት ላይ የሚሉት አንድ ነገር ነበር» አለችኝ።

«ዘመኑ ቢለወጥ ልደት ምን ይሆናል እማ? ሃያ ዘጠኝ ነው። ደብተሬ ላይ አለ።»

«የኔታን ብጠይቃቸውስ?»

«እኔ እያለሁልሽ?» አልኋት።

እናቴ በኩራት ፈገግ ብላ ወስፌዋን አነሣች። እኔ ያላወቅሁት፣ የቆሎ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ይህ ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ፣ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፣ ልደት በታኅሣሥ ሃያ ስምንት ይውላል። ዘርፉ ሃያ ሰባት ነው የሚበቃው። እናቴ ሃያ ስምንት ሰቀለች።

ታኅሣሥ አንድ ቀን ጠዋት ሰፌዱ ሲሰቀል አክስቴ በትሯን ይዛ መጣች። ለሁለት ዓመት ያልቀረበችውን ሰፌድ ተጠግታ በጣቶቿ ትዳስሰው ጀመር፤ ከጨረር ወደ ጨረር፣ ከዘርፍ ወደ ዘርፍ፣ ሳትቸኩል። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበርና የምትጸልይ መሰለኝ። ዙሩን ስትጨርስ እጇ አንድ ጊዜ ቆመ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞራ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣

«እጅሽ ይባረክ፣ ጥሩዬ» አለች።

እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ወደ ቤት ስንመለስ አጥራችን ጋ ስንደርስ «ሰማሽ አይደል?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት በልጅነቴ ከማስታውሳቸው ሁሉ ጣፋጮቹ ነበሩ፤ አሁን ሳስባቸው ግን አፌን ይጎመዝዘኛል። እናቴ የሽምብራ ቆሎ በሳህን ትልካለች፤ ሳህኑ ሱፍ ተሞልቶ ይመለሳል። አመዱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይደፋ ጀመር። አንድ ቀን የዶሮአችን እንቁላል ሳይቀር ተመለሰልንና አባቴ በመገረም በእጁ ላይ እያገላበጠ «ይኸ የኛ መሆኑ ተረጋግጧል?» አለ። እናቴ እያጨደች ታንጎራጉር ነበር። አክስቴም ጠዋት ጠዋት ደጀ ሰላሙ ጋ መጥታ፣ ዘርፍ ሲፈታ በትሯን ተደግፋ ትቆምና «ስንት ቀረ ልጆች?» ብላ በለሰለሰ ድምፅ ትጠይቃለች።

ታኅሣሥ ሃያ ሰባት የልደት ዋዜማ ነውና ደጀ ሰላሙ በሰው ተሞልቶ ነበር። የዕለቱ ልጅ ዘርፉን ፈታ። አንድ ቀረ። ሰዉ ነጠላውን እያስተካከለ ሊበተን ሲል አክስቴ እጇን ዘረጋች፤ አልዳበሰችም፣ ጣቷ በቀጥታ የቀረውን ዘርፍ ያዘ።

«የኔታ፣ ልደት መቼ ነው?»

«ነገ ነው እንጂ፣ ምን ሆነሻል?»

«ታዲያ ይኸ ለማን ቀረ?»

ሰዉ በጣቱ መቁጠር ጀመረ፤ መጀመሪያ አንዲት ሴት ሳቀች፣ ከዚያ ሌላዋ ተከተለች።

«በስማዳ ጌታ የሚወለደው በማግሥቱ ነው ለካ።»

«ክርስትናው ሲደርስ ንገሩን።»

«ተይ፣ አንድ ቀን ጾም ጨምራልናለች፤ ጽድቅ ነው።»

አክስቴ አልሳቀችም። «ስማዳዋ ናት እኮ፣ አትፍረዱባት» አለች ብቻ፤ ስሟ በሃያ ሰባት ቀኑ ተመልሶ ተወሰደ።

የኔታ «በዘመነ ዮሐንስ ሃያ ስምንት መሆኑን ሳትጠይቂ እንዴት ሰፋሽ ልጄ?» አሏት፤ በቁጣ አልነበረም፣ ቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር። እናቴ አንድ ጊዜ ወደ እኔ አየች። እኔ ደብተሬን እንደታቀፍሁ ቆሜአለሁ። አፌን ከፍቼ «እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው። ሰው ሁሉ ጎበዝ የሚለኝ ልጅ ነበርሁና ሁለቱ ቃል አልወጣልኝም።

«እኔ ነኝ የቆጠርሁት፣ የኔታ። ባላውቅ ነው» አለች እናቴ። ሄዳ ሃያ ስምንተኛውን ዘርፍ በራሷ እጅ ፈታች፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው፣ በሰዉ መካከል አልፋ ወጣች። በማግሥቱ ኮከቡ ሲታይ እርሷ ቤት ነበረች።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አባቴ በሬዎቹን ፍለጋ ሄዶ፣ ሁለታችን ብቻ ስንቀር እናቴ ዘርፉን ከነጠላዋ ፈትታ በእጇ ስታገላብጥ ቆየችና «የእርሷ ጠመዝማዛ ለዚህ ነው ለካ» አለች። መጀመሪያ አልገባኝም። ቀንድ አውጣው ሃያ ሰባትም ሃያ ስምንትም ይይዛል፤ ጅራቱ የትም ቢያልቅ ያምራል፣ ማንም ጎደለ ወይም ተረፈ አይለውም። የእናቴ ጨረር ግን አራት ለሰባት ነው፤ አንድ ቢነሣ ጎዶሎ፣ አንድ ቢጨመር ትርፍ። ያ እኔን ያሳክከኝ የነበረው ያልታወቀ ጅራት፣ የአያቶች ዕውቀት የተቀመጠበት ቦታ ኖሯል።

«ታውቅ ነበር» አለች እናቴ። «ታኅሣሥ አንድ ቀን በጣቷ ቆጥራዋለች።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩሽም?»

«አንድ ዘርፍ ነበር እኮ» አለች እናቴ ለራሷ፣ «ብትነግረኝ አንድ ዘርፍ ነበር።» ስለ እኔ ደብተር አንድም ቃል አላነሣችም፤ እስከ ዛሬም አላነሣችም።

በሚቀጥለው ኅዳር እናቴ ወስፌ አልያዝም ብላ ቁርጥ አደረገች፤ ሰፌዱ ወደ አክስቴ ተመለሰ። ዓይኗ ግን በዚያን ጊዜ ከብርሃንና ከጥላ በቀር የሚለየው አልነበረውም። ቀለም የሚያቀብላት ሰው አስፈለጋት፤ አባቴም «ሂጅ፣ አክስትሽ ናት» አለኝ። ከትምህርት ቤት መልስ ከጎኗ እቀመጣለሁ። «ቀይ» ትላለች፣ አቀብላታለሁ፣ አፏ ውስጥ አድርጋ በምራቋ ታረጥበዋለች፣ ታለሰልሰዋለች፣ ትጎነጉነዋለች። ስለ እናቴ አንድም ቀን አንሥታ አታውቅም። የምትለኝ «አንች፣ ቶሎ በይ» ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን «ቀይ» ስትለኝ አረንጓዴ ሰጠኋት።

ይህንን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን ያኔ አልከበደኝም። እጇን እያየሁ ጠበቅሁ፣ እርሷም ወደ አፏ አስገባችው፣ ጎነጎነችው። ከዚያ በኋላ ቀይ ስትል አረንጓዴ፣ ቢጫ ስትል ቀይ ሆነ። የቤት ሥራዬን በምሠራበት ጥንቃቄ ነበር የምሠራው። አንድም ቀን አልተሳሳትሁም።

ሰፌዱ ሲሰቀል ሰዉ ፊቱን አዞረ። ቀዩ ማክሰኞ ላይ ነው፣ ሐሙስ ላይ ነው፣ ቅዳሜ ላይ ነው፤ እሑዶቹ በሙሉ አረንጓዴ። የዓምናዎቹ ሴቶች እንደ ዓምናው ጀመሩ።

«ዘንድሮ ቅዳሴው ማክሰኞ ነው።»

«ማንጠግቦሽ በስተርጅና ሰንበት ሻረች።»

አክስቴ በትሯን ተደግፋ ቀጥ ብላ ቆማ ነበር። የኔታ ወደ እርሷ ቀርበው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቀለሙን ማን ነበር የሚያቀብልሽ?» አሏት። እኔ ከእናቴ ጎን ነበርሁ። እናቴ ሰፌዱን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች፣ ክንዴን ያዘችኝ፤ የያዘችኝ እንዳልሄድ ይሁን እንድሄድ አላወቅሁም።

«ማንም» አለች አክስቴ። «እኔው ነኝ ከቁናው እየመዘዝሁ የሰፋሁት።»

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ወደ ፊት ሄደች፤ አክስቴን መንገድ የምመራ እኔ ነኝና የበትሯን ጫፍ ይዤ ከፊቷ እሄዳለሁ። ወንዙን ተሻግረን ሰው ሲርቀን ቆመች።

«አንች» አለች፣ «ቀዩ ይመራል። አረንጓዴው አይመርም። አርባ ዓመት በአፌ ሳረጥበው የኖርሁት ሣር ነው።»

«ታዲያ ለምን ሰፉት?» አልኋት።

«እኔስ ዓምና ቆጥሬ ዝም አላልሁም?» አለች። ፊቷ ወደ እኔ አልዞረም። «አሁን እኩል ነን። እቤቴ ካደረስሽኝ በኋላ ደጄን እንዳትረግጪ፤ እናትሽም እንዳትረግጥ።»

አደረስኋት። አልረገጥንም። አጥሩ ላይ የነበረችው መሿለኪያ በእሾህ ተዘጋች፤ አባቴም በሬዎቹን ተራምዶ የሚወጣበት ጠብ አጣ፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የሚጣላ ሰው አልነበረም፤ የሚነጋገር ሰው የለምና። አክስቴ አሁን ብርሃንና ጥላም አይለይላትም። እናቴ ማኅበር ላይ ከበሩ አጠገብ ትቀመጣለች። ሁለቱንም ስፌት አይቼ የተማርሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ቀንድ አውጣውንም ጨረሩንም እችላለሁ፣ ነገር ግን ማንም ስፊ አላለኝም፣ እኔም ልስፋ ብዬ ለመጠየቅ ፊት የለኝም። የአጥቢያችን ልጆች «ልደት ስንት ቀረው?» ሲባሉ አሁን ስልክ ያያሉ፤ ስልኩም አይሳሳትም። ውኃ የሚቀዳ ልጅ ግን ማተቡ ላይ የሚያስረው ነገር የለውም።

በዚያ በተዘበራረቀው ሰፌድ ላይ በየጠዋቱ አንዱ ዘርፍ ተፈታ፤ እየተሳቀ ተፈታ፣ በኋላ ሳቁም ሰለቸ። የመጨረሻው ዘርፍ አረንጓዴ ነበር። በማግሥቱ የኔታ ክዳኑን አነሡ፣ ኮከቡ ታየ፣ ሰፌዱ ከግድግዳው ወረደ፣ ከዚያ ወዲህም የሰቀለ የለም። ቀኑ ታኅሣሥ ፳፱ ቀን ፳፻፲፫ ዓ.ም. ነበር።